የእንስራ አንገት ለምን ጠበበ?

እንስራን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሆዱ ሰፊ ነው፤ አንገቱ ጠባብ ነው። ይህ ለጌጥ ይመስላችኋል? አይደለም።

ሆዱ የሰፋው ብዙ ውሃ እንዲይዝ ነው። አንገቱ የጠበበው ደግሞ እናቶች ከምንጭ አዝለውት ዳገት ሲወጡ ውሃው እንዳይፈስ ነው። ሸክላው ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በነሱ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውሃ በበጋ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። በጠባብ አንገት እጅ አይገባም። አፈ ሰፊ በሆነ ባልዲ ግን ልጁም አዋቂውም ጣሳውን ከነእጁ ይነክራል። ያልታጠበ እጅ የተቅማጥ ተሐዋስያን ይዞ ይገባል። ከንጹሕ ምንጭ የመጣው ውሃ እቤት ገብቶ ይበከላል። ተቅማጥ ደግሞ ዛሬም ሕፃናትን ይገድላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጠጥ ውሃ አንገቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ። እንስራም ይሁን ጀሪካን ይከደን። ውሃው እየተዘነበለ ይቀዳ እንጂ አይጨለፍ። ጠባብ አንገት ለማጠብ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ንጹሕ ጠጠርና ውሃ ከተን ደህና አድርገን እንናጠው፤ ከዚያም እናለቅልቀው።

የተማርነውን ለጎረቤት እናንብብ።