ሣቃችንም ይቀመጥልን





እኔ እሪ በከንቱ ተወልጄ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የቤት ዕቃ ስናስተካክል፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ያዳምጠው የነበረ አንድ የቀልድ ካሴት ከአልጋ ሥር አገኘሁ። በሕዝብ ፊት የተቀዳ ነው። ቀልደኛው ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አማቱና ከደመወዝ በፊት ስላለችው ሳምንት የራሱን ችግር ሲያወራ አዳራሹ ይሥቃል፤ ዝምተኛው አባቴም አብሮ ይሥቅ ነበር። ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም። ቴፕ ተውሼ ካሴቱን ብከተው ክሩ ተበጠሰ።

በዚህ ጊዜ አለቃ ገብረ ሃና ትዝ አሉኝ። ከመቶ ዓመት በፊት የተናገሩት ቀልድ በአፍና በመጽሐፍ ደርሶናል፤ ድምፃቸው ግን አልደረሰንም፤ መቅጃ እንደ ልብ አልነበረምና። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግን መቅጃ ነበረ። ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ኋላም ክበበው ገዳ የዕለት ኑሯችንን እየነገሩ አሥቀውናል። ተስፋዬና አለባቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀልድ ነገር ደግሞ ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ የተናጋሪው አተነፋፈስ፣ ዝም ያለባት ቅጽበትና የሰሚው ሣቅ ከተለዩት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

«ቀልድ ምን ቁም ነገር አለውና በመዝገብ ይቀመጣል?» የሚል አይጠፋም። እኔ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው። የዚያን ዘመን ጸሐፊ ደመወዙ ስንት እንደ ነበረ ከፔሮል ይገኛል፤ በዚያች ደመወዝ ወሩን እንዴት እንደ ዘለቀው ግን የሚነግረን ያ ካሴት ነው።

ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በአራዳችን ያለው ሀገር ፍቅር ተባብረው፣ በየቤቱ የቀረውን ካሴት ከባለቤቱ ተውሰው እየገለበጡ ቢያስቀምጡልን መልካም ነው። በየሣጥኑ ያለውንም አንባብያን አቧራውን ጠርገው በደረቅ ስፍራ ያኑሩት እንጂ ከጥራጊ ጋራ አይጣሉት። ካሴት እንደ ወረቀት ዘመን አይጠብቅም።

ይህ ጥሪዬ እንደ ሰፈሬ ስም እሪ በከንቱ ሆኖ እንደማይቀር ተስፋ አለኝ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእሪ በከንቱ፣ አዲስ አበባ