ስለ ጠፍጣፋ ቺንጋ የሙያ ቃላት፤ ልክ፣ ቅጥልና ውጥረት

በናፍጣ ሞተር የሚዞር የእህል ወፍጮ፣ እንዲሁም ከጎኑ ፑሌጃ በተገጠመለት አሮጌ ትራክተር የሚነዳ መውቂያ፣ ኃይሉን የሚቀበለው በጠፍጣፋ ቺንጋ አማካይነት ነው። ይህን ቺንጋ ለሥራ ማዘጋጀት ሦስት ተግባሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም መለካት፣ መቀጠልና መወጠር ናቸው። ተርጓሚው እያንዳንዱን ተግባር በራሱ ቃል ካልለየው የሚጎዳው ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ ኩሽኔታ ይቃጠላል፣ ቺንጋ ይበጠሳል፣ የሠራተኛም እጅ ሊቆረጥ ይችላል።

አስቀድመን የዕቃውን ስም እንመልከት። «ቺንጋ» ከጣሊያንኛ የተገኘ ቃል ሲሆን፣ እንደ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታና ካቻቪቴ ሁሉ በጋራዥና በወፍጮ ቤት ሥር የሰደደ ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች አገርኛ ቃል ይሻላል በማለት «ቀበቶ» ይሉታል። ነገር ግን ቀበቶ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ነው፤ ኃይል ማስተላለፍን አያመለክትም። በሀዲያ፣ በአንሌሞ ወረዳ የምትገኘውን ፎንቆን ለምሳሌ ብንወስድ፣ የብዙው ሰው አፍ መፍቻ ሀዲይሳ ነው፤ የአማርኛውን መምሪያ የሚያነበው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። ለእንዲህ ያለው አንባቢ ከግእዝ ተፈልፍሎ የወጣ አዲስ ቃል ሁለት ጊዜ ባዕድ ይሆንበታል። ስለዚህ «ቺንጋ» እና «ፑሌጃ» እንዳሉ ቢቀመጡ እንመርጣለን።

ልክን በተመለከተ፣ ሦስት ቃላት እንዳይደባለቁ ያስፈልጋል። «ወርድ» የቺንጋው የጎን ስፋት ነው። «ልክ» ደግሞ ቺንጋው ተቀጥሎ ክብ ከሆነ በኋላ የሚኖረው ዙሪያ ሲሆን፣ «የመቁረጫ ርዝመት» ከጥቅሉ ላይ የሚቆረጠው ነው። ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በ2 ይባዛል፤ የፑሌጃዎቹ ዲያሜትር ድምር በ1.57 ተባዝቶ ይታከልበታል፤ በመጨረሻም የዲያሜትሮቹ ልዩነት በራሱ ተባዝቶና ለርቀቱ አራት እጥፍ ተካፍሎ ይጨመራል። የሞተሩ ፑሌጃ 20፣ የወፍጮው 40፣ ርቀቱ 300 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ልኩ 694.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቺንጋው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ከተጠላለፈ ግን ወፍጮው ከሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል፤ በስሌቱም መጨረሻ ላይ «ልዩነት» የነበረው «ድምር» ይሆንና ልኩ ወደ 697 ከፍ ይላል። አዲስ የቆዳ ቺንጋ ስለሚሳብ ከ100 ሴንቲ ሜትር 1 ያህል ተቀንሶ ይቆረጣል፤ ጫፎቹ የሚደራረቡ ከሆነ ግን የሚደራረበው መጠን ይታከላል። «ልክ» እና «የመቁረጫ ርዝመት» የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ የሚገባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቅጥል ስንመጣ አማርኛ ሀብታም ነው። ቆዳ ሠሪው ወስፌውንና ጠፍሩን ከነስማቸው አቆይቶልናል። ቺንጋ በሦስት መንገድ ይቀጠላል፦ ጫፎቹ በወስፌ ተበስተው በጠፍር ይሰፋሉ፤ ወይም በብረት ማያያዣ ይያዛሉ፤ ወይም እየሳሱ እንዲሄዱ ተፍቀው፣ ተደራርበው በኮላ ይጣበቃሉ። እነዚህን «የተሰፋ»፣ «የተያያዘ» እና «የተጣበቀ ቅጥል» ብለን ብንለያቸው አሻሚነት አይኖርም። ጫፎቹ በየትኛውም መንገድ ይያዙ፣ አቈራረጣቸው ከጠርዙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት፤ ካልሆነ ቺንጋው ከፑሌጃው እየሸሸ ይወርዳል። የቆዳ ቺንጋ ወደ ፑሌጃው የሚያዞረው ለስላሳውን «የጠጉር ወገን» ነው። ይህም ጠጉሩ የተነቀለበት ፊት ማለት ስለሆነ፣ «ጠጉራም ወገን» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢው በቺንጋው ላይ የሌለ ጠጉር ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሦስተኛው ተግባር ነው። ብሎን «ይጠብቃል»፤ የሚጠብቀውም አልዞር እስኪል ነው። «ቺንጋውን አጥብቅ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሠራተኛ ይህንኑ ልማድ ይከተላል፤ ዘንጉ ይጫናል፣ ኩሽኔታው ይግላል፣ ቅጥሉም ይከፈታል። «መወጠር» ግን መጠን ያለው ተግባር መሆኑን ከበሮ የሚወጥርም ሆነ የጠፍር አልጋ የሚሠራ ያውቀዋል፤ ሲበዛ ይበጥሳል፣ ሲያንስ ይረግባል። ስለዚህ «ውጥረት» እና «ልልነት» እንደ ጥንድ ቃላት እንዲያዙ እናሳስባለን። ውጥረቱ ቺንጋው ሥራ በዝቶበትም እንዳይንሸራተት የሚያስችለው ያህል ሆኖ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ቺንጋው አግድም ሲዘረጋ «ላላው ወገን» ከላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ረግቦ ሲወርድ ፑሌጃውን ይበልጥ ያቅፋልና። በትራክተር ሲሠራ መወጠሪያው ትራክተሩ ራሱ ነው፦ ከመሣሪያው ጥቂት ይርቃል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማውም በድንጋይ ይታገዳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቺንጋው ሳይዞር ነውና፣ ማስጠንቀቂያው በትርጕሙ ውስጥ ከትእዛዙ በፊት እንጂ በኋላ መምጣት የለበትም።

በጠቅላላው፣ ለዕቃው ስም የወፍጮ ቤቱን ቃል፣ ለተግባሩ ደግሞ የቆዳ ሠሪውን ግሥ መውሰድ ተገቢ ነው እንላለን። ቺንጋ ይለካል፣ ይቀጠላል፣ ይወጠራል፤ የሚጠብቀው ብሎኑ ነው።