የሆድ ሸንተረርና ከሱቅ የሚገዛው ቅባት



በዚህ ወር የቤተሰብና የጤና ዓምዳችን እህቶቻችን እርስ በርስ እንጂ በአደባባይ የማያወሩትን ጉዳይ ልናነሳ ወደናል። ይኸውም በእርግዝና ጊዜ በሆድ፣ በጡት፣ በዳሌና በጭን ላይ የሚወጣው ሸንተረር ነው። ጉዳዩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሸንተረሩን ለማጥፋት ተብሎ የሚቀባው ነገር ከሸንተረሩ የባሰ ጉዳት ሲያስከትል ስለምናይ ዝም ማለቱ አግባብ አልመሰለንም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከሚሴና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሙቀት የሚበዛበት አገር ነው። ከጨፋ ሜዳ እስከ ባቲ፣ ከአርጡማ ፉርሲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፣ ቅቤ ከወጥ አልፎ የጸጉርና የገላ ነው። እናቶች የእርጉዝ ልጃቸውን ሆድ በለጋ ቅቤ ወይም በሰሊጥ ዘይት ያሻሉ፤ አራሷንም ወይባ ያሞቃሉ። የሰንበቴን የእሁድ ገበያና የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ቅቤ ሻጮቹን ያውቃቸዋል። ዛሬ ታዲያ በየከተማው ሱቅ ከሳሙናና ከሽቶ አጠገብ በቱቦ የታሸጉ ልዩ ልዩ ቅባቶች ተደርድረዋል፤ ወጣቶቹም ቅቤውን ትተው ወደነዚህ እያዘነበሉ ነው።

በመጀመሪያ ሸንተረር ምን እንደሆነ እንመልከት። ቆዳችን ከላይ ከምናየው ስስ ሽፋን በታች ወፍራም ክፍል አለው። ይህ ክፍል እንደ ላስቲክ በሚሳቡና በሚመለሱ ክሮች የተሸመነ ነው። ሆድ በአጭር ጊዜ ሲገፋ፣ የእርግዝናው ሆርሞንም ክሮቹን ሲያላላቸው፣ ከውስጥ ይበጠሳሉ። ከላይ የምናየው መስመር የዚያ የውስጥ ስንጥቅ ጠባሳ ነው። መጀመሪያ ቀላ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ይሆናል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከወራት በኋላ እየነጣና እየሳሳ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው ወር ወዲህ የሚወጣ ሲሆን፣ ከሚያረግዙ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያዩታል። ስለዚህ በሽታ አይደለም፤ የተለየ ጥፋት ያደረገች ሴት ምልክትም አይደለም።

ማን ላይ ይበዛል ቢባል፣ እናቷ ወይም እህቷ የነበራት ሴት፣ ልጁ ትልቅ የሆነባት፣ መንታ የያዘች፣ ክብደቷ በፍጥነት የጨመረ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በለጋ ዕድሜዋ ያረገዘች ናት። ይህ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባዋል። አካሏ ገና እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ስታረግዝ ቆዳዋም ቶሎ ይበጠሳል። ልጆቻቸውን ቶሎ ለመዳር የሚጣደፉ ወላጆች ከሚሰሟቸው ታላላቅ አደጋዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሹ ነው፤ ቢሆንም ሳናነሳው አናልፍም።

ሸንተረር የሴት ብቻም አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ በድንገት የሚመዘዙ ወንዶች ልጆች በታችኛው ጀርባቸው ላይ አግድም መስመር ያወጣሉ። አንዳንድ አባት ይህን አይቶ ልጁ በጅራፍ የተመታ መስሎት መምህሩን ሊከስ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት ልጁን ይጠይቀው፤ ሐኪምም ያሳየው።

እንግዲህ መከላከያ አለው ወይ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ 800 ያህል ሴቶች የተሳተፉባቸውን 6 ሙከራዎች አንድ ላይ መርምሮ፣ የወይራ ዘይትና የካካዎ ቅቤን ጨምሮ የሚቀቡ ነገሮች ሸንተረር እንዳይወጣ ስለማድረጋቸው አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ታዲያ እናቶቻችን የሚቀቡት ቅቤ ከንቱ ነውን? አይደለም። የተወጠረ ቆዳ ይደርቃል፤ ያሳክካል፤ ቅባት ያለሰልሰዋል፤ ማሳከኩንም ያስታግሳል። በእናት እጅ መታሸት ለእርጉዝ የሚሰጠው እረፍትም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ውድ ዋጋ ከፍላ «ሸንተረር ይከላከላል» የተባለ ቅባት የገዛች እህት ከሰሊጥ ዘይት የተሻለ ነገር ገዛሁ ብላ ማሰብ የለባትም።

በነገራችን ላይ አንዳንድ እህቶች ቅባት ትጥበትን ያበላሻል ወይ ብለው ይጨነቃሉ። ዑለማዎች የሚሉት፣ ቆዳ ውስጥ የሚሰርግና ውሃ የማይከለክል ዘይት ለውዱእም ለጉስልም አያግድም፤ እንደ ሰም ረግቶ ቆዳውን የሸፈነ ግን መነሳት አለበት ነው።

ወይባን በተመለከተ፣ ከወሊድ በኋላ ገላን ማጠንና ማሞቅ የአገሩ ወግ ነው፤ ሸንተረርን ግን አያጠፋም። በእርግዝና ጊዜ ከሆነ ደግሞ በተዘጋ ቤት ጭስ ውስጥ ተቀምጦ ከልክ በላይ መሞቅ ለእናትም ለጽንስም አይበጅም።

ሌላው አደገኛ ሐሳብ፣ ሆዴ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ምግብ መቀነስ ነው። እርጉዝ ሴት ምግብ አትቀንስም። ጤናማ ክብደት የነበራት ሴት በዘጠኙ ወር ከ11 እስከ 16 ኪሎ ግራም ያህል መጨመሯ የሚጠበቅ ነው። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቢሆን ጥሩ ነው። ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ወተቱን፣ ጎመኑን ትብላ፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ትዋጥ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በሱቅ ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ስማቸው ልዩ ልዩ ሆኖ ውስጣቸው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ መድኃኒት ያለባቸው አሉ። እነዚህ ስቴሮይድ ይባላሉ። ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም ለተወሰነ ቀን ሲያዛቸው መድኃኒት ናቸው። እህቶቻችን ግን ፊት ለማቅላት ወይም ሸንተረር ለማደብዘዝ በየቀኑ ለወራት ይቀቧቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳው ለስለስና ፈካ ይላል፤ ሻጩም ይመሰገናል። ቀስ በቀስ ግን መድኃኒቱ ቆዳ ክሮቹን መሥራት እንዲያቆም ያደርገዋል፤ ቆዳው ይሳሳል፤ ከዚያም በብብት፣ በጭንና በሆድ ላይ አዲስ ሰፊ ሸንተረር ያወጣል። ሸንተረር ሊያጠፋ የተገዛው ቅባት ሸንተረር ፈጠረ ማለት ነው። ይህኛው ደግሞ ከእርግዝናው ይልቅ የሰፋና የጠለቀ ሊሆን ይችላል። ኃይለኞቹ በብዛት ሲቀቡ ከጽንሱ ክብደት ማነስ ጋር እንደሚያያዙም ታውቋል። ጡት ላይ የተቀባ እንደሆነ ሕፃኑ ይልሰዋል።

አንዳንድ ማቅያ ቅባቶች ደግሞ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ይህም ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ይህን ለመከልከል ከተነሳባቸው ጉዳዮች አንዱ እሱ ነበር። ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት አዲስ ሸንተረርን በመጠኑ ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ነገር ግን ለእርጉዝ አይፈቀድም፤ ለምታጠባም ያለ ሐኪም ምክር አይሆንም። በትልልቅ ከተሞች የሚሠራው የሌዘር ሕክምናም መልኩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ገንዘቡም ብዙ ነው፤ ባልለመደ እጅ ከተሠራ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሌላ ጥቁረት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ሕክምናው በሸሪዓችን እንዴት ይታያል የሚለው ጥያቄም ይነሳል። ንቅሳትና ጥርስን ለውበት መሞረድ መከልከሉ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል በኩላብ ዘመቻ አፍንጫቸው የተቆረጠው ሶሓባ ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የብር አፍንጫ አሠርተው ሲሸታቸው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ዑለማዎችም ከዚህ ተነስተው የተፈጠረን ጉድለት ማስተካከልን ፍጥረትን ከመለወጥ ይለያሉ። ይሁንና ጤናን የሚጎዳ ቅባት በየትኛውም በኩል ማረፊያ የለውም። ለመታየት የምታፍር እህት ሴት ባለሙያ ትፈልግ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በየቀበሌው ያሰማራቸው በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴት ባለሙያ ካልተገኘች፣ በችግር ጊዜ ለሐኪም መገለጥ የተፈቀደ ነው።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። ሱረቱ ሉቅማን በ14ኛው፣ ሱረቱል አሕቃፍ በ15ኛው አንቀጽ የእናትን የእርግዝና ድካም ያነሳሉ። ይህን የሚቀራ ሰው ልጁን ተሸክሞ በተሰነጠቀ ሆድ ላይ ሲቀልድ መስማት ያሳፍራል። ብዙ እህት ወደዚያ ቱቦ የምትሮጠው ከባሏ አፍ በወጣች አንዲት ቃል ነውና።

ሁሉም ማሳከክ ሸንተረር እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ሸንተረሩ ላይ ሽፍታ ወጥቶ ቢያሳክክ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ የሚጠፋ ነው። ሽፍታ ሳይኖር መዳፍና የእግር ውስጥ የሚያሳክክ፣ ሌሊት የሚብስ ከሆነ ግን የጉበት ችግር ሊሆን ይችላልና ለጽንሱ ያሰጋል፤ ቀን ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ያላረገዘች ሴት ወይም ወንድ ላይ ሰፊ ወይን ጠጅ መስመር ወጥቶ ፊት ካበጠና የደም ግፊት ከጨመረም እንዲሁ።

ቅባቱን ለወራት የተቀባች እህት በድንገት ብትተወው ቆዳዋ ሊቀላና ሊያቃጥላት ስለሚችል በባለሙያ ምክር ቀስ እያለች ትተወው። በደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው። ስትሄድ ቱቦውን፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ በላዩ የተጻፈውን አንብቦ ምን ስትቀባ እንደቆየች ይረዳልና።