የፊልም ዲስኩ አልታይ ሲል

ከሥራ ድካም በኋላ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ጥሩ ፊልም ማየት የቤተሰብን ፍቅር የሚያጠነክር መዝናኛ ነው። ይሁንና ከውጭ አገር ዘመድ የላከው፣ ብሉ ሬይ የተባለው ጥራቱ ከፍ ያለ የፊልም ዲስክ በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ አልታይ የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ መጣልም ሆነ ሰው የጠቆመውን ፕሮግራም ሁሉ መግዛት የቤትን ገንዘብ በከንቱ ማባከን ነው። ስለሆነም እናቶች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ሊያረጋግጡ ይገባል።

አንደኛው የዲስክ ማንበቢያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው ብሉ ሬይ በመልኩ ዲቪዲን ቢመስልም አሠራሩ የተለየ ነው። ዲቪዲ በቀይ ጨረር ሲነበብ ብሉ ሬይ የሚነበበው ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ሰማያዊ ጨረር ነው። የዲቪዲ አንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ የብሉ ሬዩ 25 ይይዛል። ስለዚህ የዲቪዲ ማንበቢያ ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ የትኛውም ፕሮግራም ቢጫን ብሉ ሬይ አይታይም። ማንበቢያው ላይ የብሉ ሬይ ምልክት መኖሩን መመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ማጫወቻው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የብሉ ሬይ ፊልም ማጫወቻ ይዞ አይመጣም። ፊልም አምራቾችም ዲስኩ እንዳይገለበጥ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፉታል። ይህን ለመክፈት ፈቃድ ያላቸው እንደ ፓወር ዲቪዲ ያሉት ፕሮግራሞች በገንዘብ ይሸጣሉ፤ ሁሉም ዓይነታቸው ግን ብሉ ሬይ ስለማያሳይ ሳይከፍሉ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ አገር ተማሪዎች የተጀመረው ቪ.ኤል.ሲ. በነፃ ይገኛል። ይኸውም የተቆለፈውን ዲስክ በራሱ ባይከፍትም፣ በዲስክ ላይ የተቀዳ የሠርግ ወይም የክርስትና ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ስለሌለው በነፃው መሞከር ይቀድማል።

ሦስተኛው የሽያጭ ክልል ነው። ለአሜሪካ የሚዘጋጀው ዲስክ ኤ፣ ለአውሮፓና ለአፍሪካ የሚዘጋጀው ደግሞ ቢ ተብሎ ይመደባል። ክልሉ ካልገጠመ ደህናው ዲስክ እንኳ አይሠራም። በሁሉም ክልል የሚሠሩ ዲስኮችም ስላሉ፣ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የማሸጊያውን ጀርባ እንዲያነብ አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

ከዚህም ሌላ ማንኛውንም ዲስክ በነፃ ይከፍታል እየተባለ ምንጩ ካልታወቀ ቦታ የሚገኝ ፕሮግራም ቫይረስ ሊያስገባ ይችላል። ለአንድ ምሽት ፊልም ሲባል የልጆች የትምህርት ሥራና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሊጠፋ አይገባም። የጫኑትን ልጆች ከሆኑም ከመቆጣት ይልቅ ከየት እንዳመጡት አብሮ ማየትና ፕሮግራሙን ከባለቤቱ ዘንድ ብቻ መውሰድን ማስተማር የወላጆች ድርሻ ነው።