ጥቁር አዝሙድና ንቦቹ



በየቀበሌው ስንዘዋወር ገበሬዎች፣ «የጥቁር አዝሙዳችን አበባ እንዲያ አምሮ ፍሬው ለምን አነሰ?» እያሉ ይጠይቁናል። እኛም ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያውና ስለ ዝናቡ ብዙ እንናገራለን፤ በአበባው ላይ የምትሠራውን ንብ ግን ዘንግተናት ቆይተናል።

ጥቁር አዝሙድ ለበርበሬና ለዳቦ ይገባል፤ ተደቁሶ በጨርቅ ተቋጥሮም ለጉንፋን ይሸተታል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ላይም ገበሬው በበትር እንደሚወቃው ተጽፎ እናገኛለን።

አበባው ሲፈካ በመጀመሪያ ብናኙን የሚያወጣው ወንዴው ክፍል ነው። ሴቴው ክፍል ብናኝ ለመቀበል የሚደርሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመው ጫፉ ወደ ታች ይታጠፋል። ጣፋጩ ፈሳሽ ክዳን ባላቸው ትናንሽ ጽዋዎች ውስጥ አለ። ንቧ ክዳኑን ገልጣ ስትጠጣ፣ ከሌላ አበባ በጀርባዋ ተሸክማ የመጣችው ብናኝ ሴቴውን ይነካዋል። አበባው በራሱ ብናኝም ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ንብ ስትጎበኘው ግን ዘሩ ይበረክታል።

ንብ ስንል የቀፎዋን ብቻ አይደለም። የማትናደፈው ጣዝማ ከመሬት በታች ትኖራለች፤ ሌሎችም ለየብቻቸው በመሬት ጉድጓድ ወይም በደረቅ አገዳ ውስጥ ይራባሉ። ሁሉም በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት አየር ስለማይሠሩ፣ አንዷ በጎደለች ጊዜ ሌላዋ ትተካለች።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. አበባው በፈካበት ወቅት ፀረ ተባይ አይረጭ። ግድ ከሆነ ንቦች ከገቡ በኋላ በምሽት ይሁን፤ ቀፎ ላለው ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረው።

2. የማሳው ዳርና ድንበር ሁሉ አይታረስ፤ የዱር ንቦች ጎጆ በዚያ ነውና።

3. የጣዝማ ማር የሚቆፍር ሰው ጎጆዋን ጨርሶ አያፍርስ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ለገበሬው በማሳው ላይ ልታሳዩት ትችላላችሁ። ያልፈኩ ጥቂት እንቡጦችን በስስ ሻሽ ሸፍኑ፤ በአጠገባቸው ያሉትን እኩዮቻቸውን ደግሞ ክፍት ተዉ። ፍሬው ሲደርስ የሁለቱንም ዘር ከገበሬው ጋር ሆናችሁ ቁጠሩ። ውጤቱን ጽፋችሁ ብትልኩልን ለሌሎች ጣቢያዎች እናካፍላለን።