ጥቅስ ሲቆጠር መስኩ አይዘንጋ

ዱቦን በመሰሉ የወላይታ ገጠሮች፣ በቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያሳተሙት ጥናት 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ለበሽታው መጋለጥ ከዘረመል ጋርም እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህን ሥራ በምን እንመዝነው? ዛሬ የሚቀናው የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ ነው፤ 20 ያገኘ ተመራማሪ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

ቁጥሩ ግን የሚነበበው በመስኩ ውስጥ ብቻ ነው። በሕክምና ብዙ ሰው በጋራ ይጽፋል፣ ጥቅሱም ፈጥኖ ይከማቻል፤ የሒሳብ ሊቅ ወይም የታሪክ ጸሐፊ ግን ለአንድ ሥራ ዓመታት ይፈጃል፣ መጽሐፉም በብዙ የጥቅስ መዝገቦች አይካተትም። ፖዶኮኒዮሲስን የሚያጠኑት ጥቂት ስለሆኑም ጠቃሹ ያንኑ ያህል ጥቂት ነው። «ቁጥር ከሌለ የተመራማሪዎች ሹመት በትውውቅ ይሆናል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነት ነው፣ በተለይ በእኛ አገር። መፍትሔው ግን የሕክምናውን ሰው ከታሪክ ጸሐፊው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መደርደር አይደለም። እያንዳንዱ ከመስኩና ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸር፣ ገምጋሚዎቹም ጽሑፉን ራሱን ያንብቡ።