ሳክስፎን የሚጫወተው የፊዚክስ ሊቅ

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? በብዙ ቤት መልሱ የታወቀ ነው፤ «መጀመሪያ ሂሳብና ፊዚክስህን አጥና፣ ሙዚቃው ይደርሳል።» ይህን ከማለትዎ በፊት ግን የስቴፎን አሌክሳንደርን ታሪክ ይስሙ።

አሌክሳንደር በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ያደገ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ የጽንፈ ዓለምን አጀማመር ያጠናል። ሳክስፎን ተጫዋችም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከኤሪን ሪዩ ጋር «ሂር ካምስ ናው» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ጃዝን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ያዋሃደ ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የፊዚክስንና የጃዝን ዝምድና የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ቤትዎ ክራር ወይም ጊታር ካለ ይሞክሩት። አንዱን ክር ይምቱ፤ ቀጥሎ ልክ መሐሉ ላይ ተጭነው ይምቱት። ያው ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል፤ የንዝረቱ ፍጥነት እጥፍ ሆኗልና። ሁለት ጫፉ የታሰረ ክር እንዳሻው አይነዝርም፤ የሚፈቀዱለት ንዝረቶች የተወሰኑ ናቸው። በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም እንዲሁ የተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ብቻ አሉት። የዛሬው የቅንጣት ፊዚክስ ደግሞ ኤሌክትሮን ራሱ በየቦታው የተዘረጋ መስክ ንዝረት ነው ይላል።

አሌክሳንደር ሌላም መመሳሰል ያያል። የጃዝ ተጫዋች፣ እንደ አዝማሪ ግጥም፣ ቀጣዩን ኖታ እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥራል፤ ከፊቱ ብዙ መንገድ ተከፍቷል። በሪቻርድ ፋይንማን ስሌትም፣ አንድ ቅንጣት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ ሊጓዝባቸው የሚችላቸው መንገዶች ሁሉ አንድ ላይ ይደመራሉ።

ይህ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ግን ሙዚቃ አሸነፈው። እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ አልበሙን በኒውዮርክ አወጣ፤ አምስት ድምፅ ያላቸውን የእኛን ቅኝቶች ከጃዙ 12 ድምፆች ጋር አስማምቶም ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። አንዱን ከሌላው ጋር ሳያጣሉ ማስማማት የሂሳብ ጭንቅላትም የሙዚቃ ጆሮም ይጠይቃል።

እርግጥ ነው፣ ጊታር ያነሳ ልጅ ሁሉ ሳይንቲስት አይሆንም። ሙዚቃ የፊዚክስ ውጤት ማሻሻያ መድኃኒትም አይደለም። ነገር ግን ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የምንቀማው የሙዚቃውን ሰዓት ነው፤ ልጁም ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ እንደሆነ ከእኛ ይማራል። አሌክሳንደር ዕድለኛ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህሩ ሙዚቃም ያስተምር ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው ሲኖሩ በዓይኑ አየ።

እርስዎ የፊዚክስ መምህር መሆን አይጠበቅብዎትም። ልጅዎ በሚቀጥለው ጊዜ ክራሩን ሲያነሳ «ጥናትህስ?» ከማለትዎ በፊት አጠገቡ ይቀመጡና «ክሩን መሐል ላይ ብንጫነው ድምፁ ለምን ይለወጣል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። የዚያን ቀን የፊዚክሱም የሙዚቃውም ትምህርት ተጀምሯል ማለት ነው።